የቤት እመቤትነትና ክርስቲያናዊ ክብሩ፦ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ልጆቻቸውን በቤት ሆነው የሚያሳድጉ ክርስቲያን እናቶች ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በጽዋ ማኅበር፣ በአራስ ጥየቃና በቡና ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። እኔም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የሒሳብ ሥራዬን ትቼ ዘጠኝ ዓመት በቤት ስለቆየሁ፣ አብዛኞቹን ጥያቄዎች ከሌሎች ከመስማቴ በፊት ራሴን ጠይቄአቸዋለሁ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ስባል «ምንም፤ ቤት ነው የምውለው» እላለሁ። ሌላ ምን ማለት እችላለሁ?

«የቤት እመቤት ነኝ» ማለት ትችያለሽ፤ ይህን ስትዪም ድምፅሽን ዝቅ ማድረግ አያስፈልግሽም። «እመቤት» የሚለው ቃል በግእዝ እናት ማለት ከሆነው «እም» እና ከ«ቤት» የተገኘ ሲሆን ቅድስት ድንግል ማርያምን «እመቤታችን» ብለን የምንጠራበት ያው ቃል ነው። በቤተ ክርስቲያን በፍቅርና በአክብሮት የምንጠራውን ቃል በባንክ ወይም በቀበሌ ቅጽ ላይ «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት ስንጽፈው የምናፍርበት ምክንያት በቃሉ ውስጥ የለም፤ ሥራን በደመወዝ ብቻ ከመለካት የመጣ ነው።

ሌላም ቃል አለን። ዛሬ «ባለሙያ» ስንል ሐኪሙን፣ መሐንዲሱን ወይም የሕግ አዋቂውን እናስባለን፤ እናቶቻችን ግን «ሙያ አላት» የሚሉት በባልትና የተካነችውን ሴት ነበር። ይህም እንዲያው ለማሞገስ ያህል የሚባል አልነበረም። እንጀራን ብቻ እንውሰድ፦ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን መቦካት አለበት፤ ላይ ያቀረረው ውኃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ አብሲት ይጣላል፤ ከዚያ ኩፍ እስኪል ተጠብቆ ይጋገራል። በክረምትና በበጋ፣ በደጋና በቆላ የሚፈጀው ጊዜ ይለያያል፤ የጤፉም ዓይነት ይለያያል፤ ይህን ሁሉ በእጇና በዓይኗ የምታውቅ ሴት አለማወቋን እንጂ ዕውቀቷን የሚመዘግብላት የለም። የአንድ አገር ዓመታዊ ምርት ሲሰላ ምግብ ቤት ውስጥ የተሸጠው እንጀራ ይቆጠራል፣ እናት ለልጆቿ የጋገረችው ግን አይቆጠርም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት የማይከፈልበት የቤት ሥራ አብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት የሚያስፈልገን አይመስለኝም፣ ነገር ግን መጻፉ ጥሩ ነው።

ይሁንና ክብርሽን በሙያሽ ላይ ብቻ እንዳትመሠርቺው እለምንሻለሁ። የምትታመም እናት አለች፤ ምጣድ ፊት መቆም የማትችል፣ ከወሊድ በኋላ መንፈሷ የተሰበረ፣ ወጥ የማይሆንላት እናት አለች። የእርሷም ክብር ሙሉ ነው፤ ምክንያቱም በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ወንድና ሴት በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠሩ የተባለው ገና አንድም ሥራ ሳይሠሩ ነው።

የቤት ሥራ በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ አለው? ወይስ መንፈሳዊ የሚባለው ጸሎቱና ቅዳሴው ብቻ ነው?

የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ፣ በዘጸአት ምዕራፍ 35 እንደተጻፈው፣ ልበ ጥበበኞች የሆኑ ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ክር አመጡ፤ ማለትም የመቅደሱ መጋረጃ ከሴቶች እንዝርት ተነሣ። ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ልጁ በየዓመቱ ምን ያህል እንዳደገ ሳታየው በልቧ እየገመተች የሰፋች እናት ናትና። ያንን ልብስ መጽሐፍ ቅዱስ ከነቢዩ ታሪክ ጋር አብሮ አስቀምጦታል።

ጌታችንም መንግሥተ ሰማያትን ሲያስተምር አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ መስሏታል፤ የጠፋውን ኃጢአተኛ መፈለግን ደግሞ መብራት አብርታ ቤቷን በምትጠርግ ሴት። ከትንሣኤው በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ሲመጡ ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ፣ ኑ ብሉ ብሎ ጠርቷቸዋል። ሞትን ድል የነሣው እጅ ቁርስ ማዘጋጀትን አልናቀም።

ማርታ ግን ስለ ቤት ሥራ ተገሥጻ የለም?

የተገሠጸችው በብዙ ነገር በመጨነቋና በመታወኳ፣ እኅቷንም በመክሰሷ ነው። ይህ የሁላችንም ፈተና ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ስለ ሣህኑ እየተጨነቅን እንግዳውን ሳናይ የምንሸኝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ታሪኳ በሉቃስ ምዕራፍ 10 አያበቃም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 «አንተ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ» ብላ የመሰከረችው ይህችው ማርታ ናት፤ በምዕራፍ 12 ደግሞ ጌታ በቢታንያ ማዕድ ሲቀመጥ እንደገና ታገለግላለች፣ በዚያ ጊዜ ግን ማንም አይገሥጻትም። አገልግሎቷ አልተቀየረም፤ ጭንቀቷ ግን ወጥቶላታል ብዬ አምናለሁ።

ትንንሽ ልጆች ይዤ በሥርዓቱ መጸለይም ማስቀደስም አልቻልኩም። እግዚአብሔርን የራቅሁ ይመስለኛል።

ልጅ ከመውለድሽ በፊት የነበረሽን ሥርዓት ከአራስ ልጅ ጋር ልትፈጽሚው አትችዪም፣ ማንም አይጠብቅብሽም። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ነውና የዕለቱን ክፍል ጡት እያጠባሽ ማድረስ ትችያለሽ። አቡነ ዘበሰማያትን አብሲቱ እስኪፈላ ድረስ ማለት ይቻላል። በቅዳሴ ጊዜ ልጅሽ አልቅሶ ወደ ውጭ ስትወጪ የሚገላምጥሽ ቢኖር አትሸማቀቂ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቃ በዚያው ቀን ሥጋ ወደሙ የምትቀበለው ሕፃናት የቤቱ ባለቤቶች ስለሆኑ ነው።

ጾምን በተመለከተ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገር አለባት፤ በራሷ ላይ ቀንበር መጫን የለባትም። ጎረቤት የሚላትን ሳይሆን አባቷ የሚላትን ትስማ።

ተምሬ ዲግሪ ይዤ ቤት መቀመጤ ትምህርቴን ማባከን አይሆንም?

ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ሁሉ ከጥያቄው በስተጀርባ የእናቷንና የአባቷን ድካም እንደምታስብ አውቃለሁ፤ በሬ ሸጠው፣ ጉልት ተቀምጠው ያስተማሩ ወላጆች አሉ። እኔም ሥራ መልቀቄን ለአባቴ ለመንገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። እርሱም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ልጆቹን ማን እንደሚያስጠናቸው ጠየቀኝ፤ እኔ ነኝ አልኩት፤ ሌላ አልተናገረም።

በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ የሃይማኖትን ትምህርት ከአያቱ ከማክሪና እንደተቀበለ ራሱ ጽፏል። የዮሐንስ አፈወርቅ እናት አንቱሳ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ባሏ ሞቶባት እንደገና ሳታገባ ልጇን ያስተማረች ሴት ናት፤ ክርስቲያኖችን ቤታችሁን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አድርጉ ብሎ የሰበከው ልጇ ነው። ጢሞቴዎስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እምነት ውስጥ አድጎ ነው። የእነዚህ ሴቶች ዕውቀት ከቤት ደጃፍ አልወጣም፣ ነገር ግን አልባከነም።

ይህን ስል ግን ማንም እናት ተገዳ ትምህርቷን ትተው ማለቴ አይደለም። በምርጫና በምክክር የሆነ ቤት መዋል አንድ ነገር ነው፣ በባል ወይም በአማት ትእዛዝ የሆነ ሌላ ነገር ነው።

ምሳሌ 31ን ሳነብ ከመበርታት ይልቅ እደክማለሁ። እንደዚያች ሴት መሆን የሚችል ማን ነው?

ማንም በአንድ ቀን እንደዚያ አይሆንም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ክፍል መጽሐፈ ተግሣጽ ተብሎ ይጠራል፤ «ልባም ሴትን ማን ሊያገኛት ይችላል?» የሚለው ግጥም የዚህ ክፍል መዝጊያ ነው። በዕብራይስጡ 22ቱ ቁጥሮች ከአሌፍ እስከ ታው በፊደል ተራ የሚጀምሩ ናቸው፤ በዳዊታችን በመዝሙር 118 ላይ የፊደሎቹን ስም እያየን የምንጸልየው ዓይነት አደራደር ነው። ስለዚህ ግጥሙ የአንዲትን ሴት ሙሉ ዕድሜ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የሚያመሰግን ነው እንጂ የሰኞ ዕለት የሥራ ዝርዝር አይደለም። ደግሞም ገረዶች ነበሯት፤ ይህን ብዙ ጊዜ ዘለን እናነበዋለን።

ከሁሉ በላይ የሚያጽናናኝ የተነገረው ለማን እንደሆነ ማስተዋል ነው። ምዕራፉ ሲጀምር እናቱ ንጉሥ ልሙኤልን ያስተማረችው ቃል ነው ይላል። ምክሩን የሰማው ወንድ ልጅ ነው፤ እናቲቱ ልጇን ስለ ሴት የምታስተምረው ልፋቷን እንዲያይና እንዲያከብር ነው፤ ግጥሙም የሚያበቃው ከእጇ ፍሬ ስጧት በሚል ትእዛዝ ነው። ይህን ክፍል ለሴቶች ብቻ የሚሰብኩ አባቶችና ወንድሞች ለወንዶችም እንዲሰብኩት እጠይቃለሁ።

ገንዘብ የሚያመጣው ባለቤቴ ነው። በገንዘቡ ላይ ድርሻ አለኝ ማለት ስግብግብነት አይሆንም?

አይሆንም። በሥርዓተ ተክሊል ሁለታችሁ አንድ ሥጋ ስትሆኑ የእርሱ ደመወዝና የአንቺ ድካም ሁለት ቤት አልሆኑም። ሕጉም ይህንኑ ይላል፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ግን ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ ደንግጓል፤ በጋብቻ ጊዜ ከሁለቱም የግል ጥረት የተገኘን ገቢ የጋራ ሀብት አድርጎታል፤ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋልና የምትኖሪበትን ክልል ሕግ ማወቅ ይገባሻል።

ከሕጉ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ የዕለት ተዕለቱ ነገር ነው። ለሳሙናና ለሽንኩርት በየቀኑ እየጠየቀች የምትቀበል እናት ቀስ በቀስ ራሷን እንደ ልጅ ማየት ትጀምራለች። የወሩ ገቢ ሲመጣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጻፉት፤ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ አስራቱ፣ እቁቡና እድሩ ተለይቶ የቤቱ ወጪ በአንቺ እጅ ይሁን፤ ያለ ጥያቄ የምታወጪው ጥቂት ገንዘብም ይኑርሽ፤ ዝክር ለማውጣት ወይም ለታመመ ጎረቤት ይዘሽ ለመሄድ ማስፈቀድ የለብሽም። የባንኩን ደብተር፣ የቤቱን ካርታ፣ የጡረታውን ሰነድ የት እንዳለ እወቂ። ባሏ በድንገት ሞቶባት ምን እንዳላት ሳታውቅ የቀረች እናት በቅርብ አይቼአለሁ፤ ከኀዘኗ በላይ ያደከማት እርሱ ነበር።

ባለቤቴና ወንዶች ልጆቼ በቤት ሥራ ይገባሉ? በእኛ ባህል ወንድ ጓዳ አይገባም ይባላል።

ባህላችን ይህን ያህል አንድ ወጥ አይደለም። የቅዳሴውን ኅብስት የሚጋግረው ማን ነው? በቤተ ልሔም ውስጥ የስንዴውን ዱቄት የሚያቦካውና የሚጋግረው ዲያቆኑ ነው፤ ከዚያ የበለጠ የከበረ ጓዳ በምድር ላይ የለንም። ሴት በማትገባበት በደብረ ዳሞ ገዳምም ውኃውን የሚቀዱት፣ ምግቡንም የሚያበስሉት ወንዶች ናቸው። ዱቄት በእጁ መንካቱ ዲያቆኑን ካላዋረደው፣ መጥረጊያ መያዙ መነኩሴውን ካላሳነሰው፣ ባልሽንና ልጅሽን የሚያሳንስበት ምክንያት አይታየኝም። ጌታም በጸሎተ ሐሙስ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ በዚያ ዕለት ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን።

ስለዚህ ወንድ ልጅሽ የበላበትን ሣህን እንዲያጥብ ከትንሽነቱ አስለምጂው። ሴት ልጅሽ እያጠናች ሳለች ወንድሟን ለማሳለፍ የምትነሣው እርሷ ብቻ ከሆነች፣ ያቺ ልጅ የቤት ሥራ ክብር እንዳለው አትማርም፤ የተማረችው የቤት ሥራ የሴት ዕዳ መሆኑን ነው። ባለቤትሽንም ስታነጋግሪው በድካምና በቁጣ ሰዓት ባይሆን ይመረጣል። «ርዳኝ» ከማለት ይልቅ «ቤታችንን እንዴት እንካፈለው?» ማለት በእኔ ቤት የተሻለ ፍሬ አፍርቷል፤ ርዳታ የሚለው ቃል ሥራው የአንዱ ብቻ እንደሆነ ስለሚያስመስል።

ትዕግሥት ክርስቲያናዊ ነውና ስድብንና ዱላን መቻል አለብኝ?

የለብሽም። ትዕግሥት ማለት ክፉን መሸፋፈን አይደለም። ሐዋርያው ባሎችን ሚስቶቻችሁን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ውደዱ ብሏል፤ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን አልመታትም፣ ስለ እርሷ ተመታ እንጂ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በግልጽ ያስቀጣል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ለቤተሰብሽ ንገሪ፤ ሕይወትሽ ወይም የልጆችሽ ደኅንነት አደጋ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ከቤቱ ውጪና ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂጂ። «ቻይው፣ ለልጆችሽ ብለሽ» የሚልሽ ሰው፣ በየሌሊቱ የሚሰሙት ልጆችሽ መሆናቸውን ረስቷል።

የቤት ሠራተኛ አለችኝ። የእኔን ክብር ስጠይቅ የእርሷን እንዴት ላስብ?

ይህን የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎች ቢጠይቁት እወድ ነበር። ልብስ ማጠብና ሕፃን መታቀፍ እኔ ስሠራው የከበረ ከሆነ፣ ከገጠር የመጣች ወጣት ስትሠራው ሊረክስ አይችልም። ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ከእናታቸው ቤት የወጡት በልጅነታቸው ነው፤ ስማቸው ተረስቶ «ሠራተኛዋ» ተብለው ይኖራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሌሎች ሠራተኞች 120 የሥራ ቀናት የወሊድ ፈቃድ ሲሰጥ፣ በሰው ቤት የሚሠሩትን ግን በወሰኑ ውስጥ አላካተተም፤ ስለዚህ ዕረፍቷና ክፍያዋ በእኔና በአንቺ ሕሊና ላይ ወድቋል ማለት ነው። በሳምንት የምታርፍበት ቀን፣ በወሩ መጨረሻ ሳይዘገይ የሚሰጣት ደመወዝ፣ የማታ ትምህርት የምትሄድበት ሰዓት፣ እኛ ከምንበላው የምትበላበት ማዕድ፣ ቁልፍ ያለው የምትተኛበት ክፍል ይኑራት። በጌታ ፊት አድልዎ የለም ተብሎ የተጻፈው በኤፌሶን መልእክት ለአሳዳሪዎች ነው።

በማኅበር ላይ ደግ ሆነን በቤት ግን ሠራተኛዋን ወይም ልጆቻችንን የምናስጨንቅ ከሆነ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረት ለወንድ ብቻ የተነገረ አይደለም።

የምኖረው በውጭ አገር ነው። ዘመድም ጎረቤትም የለኝም፤ ብቸኝነቱ ከሥራው ይከብዳል።

አዲስ አበባ ብትሆኚ አራስ ቤትሽ በገንፎና በእልልታ ይሞላ ነበር፤ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ከሕፃንሽ ጋር ሙሉ ቀን ሰው ሳታዪ ትውያለሽ። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከሁለት ሦስት እናቶች ጋር ተነጋግራችሁ በሳምንት አንድ ቀን በየተራ በአንዳችሁ ቤት ቡና ብታፈሉ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካው እስኪያልቅ ልጆቹም በአማርኛ ይጫወታሉ። በውጭ አገር ያደገ ልጅ አማርኛን የሚያገኘው በዋናነት ከእናቱ አፍ ነው፤ አያቱን በስልክ ማናገር ቻለ ማለት የአንቺ የቀን ውሎ ፍሬ ነው።

ወደ ሥራ መመለስ ብፈልግስ? ጥሪዬን መተው ይሆንብኛል?

አይሆንም። ልድያ ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር፤ ጵርስቅላ ከባሏ ጋር ድንኳን ትሰፋ ነበር፤ ልባሟም ሴት እርሻ ገዝታለች። ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ከምትቀረዋ አታንስም፣ የምትቀረውም አታንስም። እኔም ሦስተኛው ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ ግማሽ ቀን መሥራት ጀምሬአለሁ። ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሪ፣ ጸልዪበት፣ ልጆችሽ ከማን ጋር እንደሚውሉ በሚገባ አጣሪ።

ልጆቼ አድገው ሲወጡ ምን ይቀረኛል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ አሮጊቶች ቆነጃጅትን ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን መውደድን ያስተምሩ ይላል። ይህን የሚያደርጉ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። እናቴ ከሰባት ልጆች በኋላ ቤቷ ባዶ ሲሆን በሠፈሯ የወለደች ሴት በሰማች ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ ወጣቷን እናት ተኚ ብላ በሩን ትዘጋባታለች። በዚህ ዓመት የገባችበት አራስ ቤት አሥራ አንደኛዋ ነው፤ ልጅቷ እናቷ ርቃ ትኖራለች፣ እናቴም ክርስትናው እስኪደርስ ከዚያ አልመለስም ብላኛለች።